ከገጹ የሾለከ ባሕር

ሙሐረቅ ሌሊት ነው። አየሩ ከብዷል እንደ እርጥብ ፎጣ፣
እኔ ካውያ ይዣለሁ፤ ሹሩቅ ከእግሬ ሥር ደብተሯን አምጥታ፣
በሆዷ ተኝታ
ካርታ ትሥላለች። ማስረከቢያው ነገ ነው፤ አሁን ነው ትዝ ያላት።
አሥር ዓመቷ ነው፤ አዲሶቹ ጥርሶች ላፏ የበዙባት።

«ጁዙር አል-ቀመር» አለች፤ የጨረቃ ደሴቶች ማለት ነው በእነሱ አፍ፣
ባፍሪካና በማዳጋስካር መሐል እሳት የገነባቸው፣
ከባሕር ወለል እስከ ደመና አፋፍ።
«ሦስት ናቸው?» ስላት፣
«አራት በይ» አለችኝ፤ «መጽሐፉ ውስጥ አራት።»

ትልቁን ሣለችው፤ እንደ ተረገጠ ጫማ የተንሻፈፈ፣
አናቱ ላይ ተራራ፣ ተራራው አናት ላይ ጭስ፣ ከገጹ ያለፈ።
«ወንዙስ?» አልኳት።
«የለውም» ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ፤
ዝናቡ ብዙ ነው፣ ድንጋዩ ግን ወንፊት፤
የወረደውን ሁሉ ውጦ፣ በጨለማ አሳልፎ፣
ከባሕሩ ዳር ያወጣዋል፣ ካሸዋው በታች፣ ከጨው ጋር ተቃቅፎ።

«እሳተ ገሞራ አይተሽ ታውቂያለሽ?»
«ተወልጄበታለሁ።»
ሳቀች። ካውያውን አቁሜ ቢሾፍቱን ነገርኳት፤
እሳቱ ሲሞት ውሃ የወረሰው ጉድጓድ፣ አፋፉ ላይ ቤታችን ያለበት፤
የሚገባ ወንዝ የለው፣ የሚወጣም የለው፣
ሲነኩት የሚያሟልጭ፣ ራሱ ሳሙና የመሰለ፤
ወንድሜ ድሪባ ወለሉን ሊለካ ድንጋይ በገመድ አሥሮ የጣለ፣
ገመዱ ሲያልቅበት ሌላ የቀጠለ፣
የጥጃውን፣ የበሬውን፤ ሁሉም አልቆ ድንጋዩ ገና ታች እያለ
እናቴ መጣችና…
ከዚያ ወዲህ የለካው የለም።

ሐጂ ዑበይድ ነቅተዋል፤ እንቅልፍ ከተዋቸው ቆይቷል።
«እኛ ተራራ የለንም» አሉ ከወንበራቸው፣
«ጠፍጣፋ ነን፤ ግመል ላይ የወጣ ከዳር ዳር ያያል።
ግን ከጨው ባሕሩ ሥር ጣፋጭ ውሃ ይፈልቅ ነበር፤
አባቴ የፍየል አቁማዳ ይዞ ይጠልቅ ነበር፣
ያቁማዳውን አፍ ከምንጩ አፍ ገጥሞ፣
እዚያው ታች ቋጥሮ ይወጣ ነበር፣ ዐይኑ ደም መስሎ፣
ጥም ላነደዳቸው መርከበኞች ተሸክሞ።»
«አሁንስ፣ አያቴ?»
ዝም አሉ። ከቤቱ ጀርባ ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤
ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር፤ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ላይ ያበቃሉ።

ሰማያዊው እርሳስ አለቀ።
ደሴት ቀላል ነው፤ ባሕር ነው ቀለም የሚፈጀው።
ልታለቅስ ስትል፣ የሐጂን ነጭ ቀሚስ የማነጻበትን ሰማያዊ ዱቄት
በብርጭቆ በጠበጥኩት፤
በጥጥ ነክሬ ከዳር ጀመርኩ፤ ስስ፣ ዛጎሉ የሚታይበት፣
ራቅ ስል ደገምኩት፣ ደግሜ ደገምኩት።
«እዚያ ዓሣ አለ» አለች፤ «ዘሩ ጠፋ ሲባል፣ ድንጋይ ሆነ ሲባል፣
ከጥልቁ ዋሻ ተገኘ፣ ክንፉን እንደ እጅ እያወዛወዘ፤
አሁንም አለ ይባላል።»
ለዓሣው ብዬ አንድ ጊዜ ጨመርኩበት።

ሲነጋ ገጹ ተጨማዶ ደርቋል። ግን ውሃ አይታዘዝም፤
ወደ ቀጣዩ ገጽ ሾልኳል።
ባሕሬን ነበረች እዚያ፣ በእርሳስ ብቻ፤ ቀለም አልነካትም።
ከየብሱ መሐል ሰማያዊ ነጥብ ወጥቶባታል።
ሹሩቅ ላጲስ አነሣች።
ሐጂ እጇን ያዙ። ደብተሩን ወደ ዐይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣
ነጥቡን ባውራ ጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸውን አዩት፤
ደረቅ ነበር፤ ሳቁ።

መምህሩ ከአሥር ስምንት ሰጣት። «ባሕሩ በዝቷል» ይላል በቀይ።
የኔ ጣቶች እስከ ዓርብ አልጠሩም፤
ማዳም ሁለቴ ጠየቀችኝ፣ «ይኼ በሽታ ነው ወይ?»
ዓርብ ድሪባ ጋ ደወልኩ። ሐይቁ እንዴት ነው ብለው፣
«ሸሽቷል» አለኝ፤ «ድሮ እግራችንን የምንነክርበት ድንጋይ አሁን ዳገት ላይ ነው።
ያ ገመድ ቢኖር» አለ፣
«ዛሬ ሳይደርስ አይቀርም።»